ጤፍ ለመዝራት መሬት ልንከራይ ነው፤ «ፋርም ቢል» የሚሉት ነገር እኛን ይነካናል?

ጀማሪ_ከአውሮራ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እኔ፣ የአጎቴ ልጅና አንድ ጓደኛችን ገንዘብ አዋጥተን ወደ ካንሳስ ድንበር ጠጋ ብሎ የሚገኝ 160 ኤከር መሬት ለመከራየት ከባለቤቱ ጋር እየተነጋገርን ነው። በሄክታር 65 ገደማ ይሆናል። መሬቱ እስከ ዛሬ ስንዴና ማሽላ ሲዘራበት የኖረ ነው፤ እኛ ያሰብነው ጤፍ ነው። ሦስታችንም የገበሬ ልጆች ነን። እኔ ቢቸና አካባቢ ከአባቴ ኋላ ኋላ እያረስኩ ነው ያደግኩት። እዚህ አገር ግን ሁለታችን ሹፌር፣ አንዳችን የሆስፒታል ሠራተኛ ነን፤ አፈር ነክተን አናውቅም።

ያስጨነቀን የእርሻው ሥራ አይደለም። ባለመሬቱን ባነጋገርነው ቁጥር ወሬው ሁሉ ዋሽንግተን ነው። «የፋርም ቢሉ ነገር እስኪለይለት ከአንድ ዓመት በላይ አላከራይም» ብሎናል። ዜናውን ስከታተል ደግሞ በኦክቶበር 2025 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ተዘጋ፣ በኖቬምበር ተከፈተ፣ በዲሴምበር ለገበሬዎች 12 ቢሊዮን ዶላር ሊሰጥ ነው ተባለ። ይሄ ሁሉ ጤፍ ለሚዘራ ሰው ምኑ ነው? ገንዘቡስ ለእኛ ዓይነቱ ይደርሳል? በዚህ ሥራ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱን። ውሉን የምንፈርመው በቅርቡ ነው።

ዓለማያ_77

ሰላም ወንድሜ። በ1977 ዓ.ም. ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ የገባሁ ነኝ። አሁን የምኖረው ምዕራብ ካንሳስ ነው፤ ሥራዬም በረዶ ወይም ድርቅ የመታውን ማሳ እየዞሩ ጉዳቱን ለሰብል ኢንሹራንስ መገመት ነው። ጥያቄህን ሳነብ በጣም ደስ ስላለኝ መልሴ ይረዝማል፤ ታገሠኝ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባለመሬቱ ሰበብ እየፈለገባችሁ አይደለም። እዚህ አገር ቡና ጠጥተው የሚነሱ ገበሬዎች ስለ ዝናብ የሚያወሩትን ያህል ስለ ኮንግረስ ያወራሉ፤ ምክንያትም አላቸው።

ፋርም ቢል በ1933 በሩዝቬልት ዘመን የተጀመረ፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚታደስ የግብርና ሕግ ነው። የመጨረሻው ሙሉ ሕግ በዲሴምበር 2018 ወጥቶ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ዕድሜው አበቃ። አዲስ ለማውጣት መስማማት ስላቃታቸው አንዴ እስከ 2024፣ ከዚያ እስከ 2025 ገፉት። ኖቬምበር 12 ቀን 2025 መንግሥት ሲከፈት ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 አራዘሙት። ገበሬው ኮምባይነር ሲገዛ የአሥር ዓመት፣ መሬት ሲገዛ የሠላሳ ዓመት ዕዳ ነው የሚገባው። የሚተዳደርበት ሕግ ግን በዓመት በዓመት ይቀጠላል። ይሄ እኔን ያናድደኛል፤ ጎረቤቶቼ ፊት ላይ የማየው ድካም ከድርቅ ብቻ የመጣ አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው የጁላይ 4 ቀን 2025 ሕግ ነው። ትራምፕ የፈረሙት ያ ትልቅ የታክስና የበጀት ሕግ ከፋርም ቢሉ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ያለባቸውን ሁለት ክፍሎች፣ ማለትም የሰብል ድጎማውንና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የምግብ መግዣ የሚሰጠውን ፉድ ስታምፕ፣ አውጥቶ ለብቻቸው ለወጣቸው። የሰብሉ ተጨመረ፣ የምግቡ ተቀነሰ። እንደዚያ የተደረገበት መንገድም አለው። መደበኛው ፋርም ቢል በሴኔት ለማለፍ በተግባር 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ «የበጀት ማስታረቂያ» በሚሉት ልዩ አሠራር በኩል የሚያልፍ ሕግ ግን ተራ አብላጫ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱ ፓርቲዎች መደራደር አላስፈለጋቸውም። የቀሩት ክፍሎች፣ የአነስተኛ ገበሬ ብድሩ፣ የገጠር ልማቱ፣ ምርምሩ የመሳሰለው፣ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ በማራዘሚያ ላይ ቀርተዋል።

አሁን ወደ አንተ መሬት ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብበኝ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነውና።

መንግሥት ለስንዴ፣ ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለአኩሪ አተርና ለመሳሰሉት «ሪፈረንስ ፕራይስ» የሚባል የመነሻ ዋጋ አለው። የጁላይ ሕግ የስንዴውን በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) ከ5.50 ዶላር ወደ 6.35፣ የማሽላውን ከ3.95 ወደ 4.40 ከፍ አድርጎታል። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከዚያ በታች ሲወርድ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ዘንድሮ በተዘራው ላይ አይደለም። ድሮ በዚያ መሬት ላይ ምን ይዘራ እንደነበር በመዝገብ የተያዘ «ቤዝ ኤከር» የሚባል አለ፤ ክፍያው የሚታሰበው በእሱ ነው። ለምሳሌ 100 ኤከር የስንዴ ቤዝ ቢኖር፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ምርት በኤከር 35 ቡሼል ቢሆን፣ አማካይ ዋጋው ደግሞ 5.30 ላይ ቢወድቅ፣ ልዩነቱ 1.05 ዶላር ነው። 1.05 በ35፣ ከዚያ በ85 ታባዛለህ (የሚከፈለው ለ85 ከመቶው ኤከር ስለሆነ)፤ 3,123 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከዚያ ላይ ትንሽ ተቀናሽ አለ።

ልብ በል፤ በዚያ ቤዝ ላይ ጤፍ ብትዘራም የስንዴው ክፍያ አይቀርም። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ገደብ አለ እንጂ እህል ላይ የለም። መሬቱን በካሽ ተከራይተህ ኪሳራውንም ትርፉንም የምትሸከመው አንተ ከሆንክ ደግሞ ክፍያው የአንተ ነው እንጂ የባለመሬቱ አይደለም። የምርት ድርሻ ውል ከሆነ በየድርሻችሁ ትካፈላላችሁ።

ባለመሬቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ያላችሁ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የጁላይ ሕግ በአገር ደረጃ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር የሚደርስ አዲስ ቤዝ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። የመነሻ ዋጋውም ከፍ ብሏል። በተሻሻለው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ የሚወጣው በኦክቶበር 2026 ነው። ሰውየው ያንን አይቶ ኪራይ ሊጨምር ነው። ድጎማ በጨመረ ቁጥር ገንዘቡ ወደ መሬት ኪራይ ይገባል፤ ይህን በየቀኑ የማየው ነገር ነው፣ የግብርና ኢኮኖሚስቶችም ለዓመታት ሲሉት ኖረዋል። መሬት የሌለው ጀማሪ በሌላው ሰው ድጎማ ምክንያት ኪራይ ይወደድበታል። እንግዲህ «ዋሽንግተን እኛን ይነካናል ወይ» ላልከኝ፣ አንድ ሳንቲም ሳትቀበልም በኪራይህ በኩል ነክቶሃል ማለት ነው።

የ12 ቢሊዮኑ ጉዳይ ሌላ ነው። ከዚያ ውስጥ 11 ቢሊዮኑ ለእህልና ለቅባት እህሎች የተመደበ ሲሆን የሚከፈለው በ2025 በተዘራው ኤከር ልክ ነው፤ ለስንዴ በኤከር 39.35 ዶላር፣ ለማሽላ 48.11 ዶላር። በ2025 ስላልዘራችሁ አይመለከታችሁም። ብትዘሩም ኖሮ ጤፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። ሽምብራ አለ፣ ምስር አለ፣ ተልባ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ሰሊጥ አለ። የእናቴ ጓዳ ያለው በሙሉ አለ፤ ጤፍ ብቻ የለም።

ይህ የሆነው ጤፍን ጠልተው አይደለም። ማሽላም የመጣው ከእኛው አህጉር ነው፤ የማሽላ ገበሬዎች ግን ቴክሳስ፣ ለበክ ከተማ ላይ ብሔራዊ ማኅበር አላቸው፤ ከ2008 ጀምሮም ከሚሸጡት ላይ እየተቆረጠ ለምርምርና ለገበያ የሚውል የራሳቸው ፈንድ አላቸው። ሕግ ሲረቀቅ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አላቸው። ጤፍ አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተመረተ እንኳ ስለ እሱ የሚናገር የለም። ብዙ ቦታ የሚዘራውም ለፈረስና ለከብት ድርቆሽ ነው።

ለጀማሪ የጤፍ ገበሬ የተከፈቱ በሮች ግን አሉ። ጠቅላላ የእርሻ ገቢን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ያለፉ ዓመታት የእርሻ ታክስ ወረቀት ስለሚጠይቅ ለጊዜው አይሆንህም። የሚሆንህ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰብሎች የተዘጋጀው «ናፕ» የሚሉት ነው። ክፍያው ለአንድ ሰብል 325 ዶላር ሲሆን ለጀማሪ ገበሬ ይሰረዛል። ጀማሪ የሚባለው እርሻ ከጀመረ አሥር ዓመት ያልሞላው ነው። መሠረታዊ ሽፋኑ ደካማ ነው፤ ከግማሽ በላይ ምርት ሲጠፋ ብቻ፣ እሱም በገበያ ዋጋው 55 ከመቶ ይታሰባል። ፕሪሚየም ከፍለህ ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ ለ160 ኤከር ጤፍ ከፍ አድርገው እልሃለሁ። ማመልከቻ ካስገባህ በኋላ 30 ቀን ሳያልፍ ሽፋኑ አይጀምርም፤ የማመልከቻው ማብቂያ ቀን ደግሞ በየሰብሉና በየስቴቱ ይለያያል። ከዚህ ሌላ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ማይክሮሎን የሚሉት ብድር አለ። ልምድ ይጠይቁሃል። ቢቸና ያረስከውን በዓመትና በሰብል ጻፈው፤ አትፈር፣ ያ ልምድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኤፍ ኤስ ኤ በሚባለው፣ በየካውንቲው ባለው የግብርና ሚኒስቴር ቢሮ በኩል ነው። መንግሥት ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2025 መከር አይተናል። እዚህ አካባቢ ኦክቶበር ማሽላ የሚታጨድበት ወር ነው። እህሉን ለመንግሥት ብድር ያስያዘ ገበሬ ጎተራ ወስዶ ሲሸጥ ቼኩ የሚጻፈው በሁለት ስም ነው፤ በእሱና በኤፍ ኤስ ኤ። ቢሮው ተዘግቶ ፈራሚ ከሌለ ቼኩ ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ቢሮዎቹ ኦክቶበር 23 በከፊል እስኪከፈቱ ድረስ የሰው እህል ተሽጦ ገንዘቡ ሳይደርሰው ቆየ። የነዳጅ፣ የማዳበሪያ፣ የኮምባይነር ዕዳ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ብድር የምትጠይቁ ከሆነ የበጀቱ ዓመት የሚያልቅበትን ሴፕቴምበር 30 ቀን አስታውሱ፤ ገንዘቡ ከዚያ በፊት እጃችሁ ይግባ።

ሜሪላንድ_ባልትና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም ተምሬበታለሁ። እኔ ሜሪላንድ ሱቅ አለኝ፤ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት ነው የምሸጠው። ለጠያቂው ወንድማችን ከሻጭ በኩል ልንገረው።

ስለ ፋርም ቢል ሲወራ ሁሉም ስለ ትራክተር ያስባል፤ ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛ በላይ ግን ፉድ ስታምፕ ነው። በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ሁለቱን በአንድ ሕግ ያሰሩት ሆን ብለው ነው፤ የከተማው ተወካይ ለገበሬው እንዲያነሳ፣ የገጠሩ ለድሃው እንዲያነሳ። የእኔ ደንበኞች በዚያ በኩል ነው ያሉት። የፉድ ስታምፑ ገንዘብ የሚሞላበትን ኢቢቲ ካርድ የሚያመጡት አዲስ የመጡ ቤተሰቦች፣ ጡረተኛ እናቶች፣ ሰዓት የተቀነሰባቸው ሠራተኞች ናቸው። የጤፍ ዱቄት ይገዛሉ፣ የቀዘቀዘ እንጀራም ይገዛሉ። ትኩስ ወጥ ግን በካርዱ አይሸጥም፤ ሕጉ ትኩስ የተዘጋጀ ምግብ ይከለክላል፤ ይህን ለእናቶች ማስረዳት በየቀኑ የሚያሳምመኝ ነገር ነው።

በኖቬምበር 2025 መንግሥት ተዘግቶ ካርዱ ሳይሞላ ሲቀር ሱቄ ጭር አለ። አንዲት እናት አንድ ኪሎ ዱቄት ይዘው ቆመው መልሰው መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። «ውሰዱት» ብዬ ሰጠኋቸው፤ ግን ለስንቱ ሰው ነው የሚሰጠው?

ከዚያም የከፋው የጁላይ ሕግ ነው። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ፉድ ስታምፕ እንዳያገኙ አድርጓል። ከዚያ በፊት ያገኙ ነበር። የሥራ ግዴታውም እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ደርሷል፤ ልጃቸው 14 ዓመት የሞላው ወላጆችንም ጨምሯል። ይሄ የእኛን ሰፈር በቀጥታ ነው የመታው። እና ወንድሜ፣ ጤፍህን ስታቅድ ገዥህም በዚያው ሕግ የተነካ መሆኑን አስብ።

ተስፋ የሚሰጥህም አለ። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በፈረንጆቹ 2006 አግዳለች፤ እንጀራው ነው በአውሮፕላን የሚመጣው። እኔ የምሸጠው ዱቄት እዚሁ አሜሪካ የበቀለ ነው። ንጹሕ፣ አሸዋ የሌለበት፣ በደንብ የተፈጨ ጤፍ ካመጣህ የሚገዛህ ባለሱቅ አታጣም። አሸዋውን ግን አደራ! አንድ ጊዜ ጥርሱ ላይ የተንኳኳበት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

መጋዘን_አዳማ

እኔ ያለሁት አገር ቤት ነው፤ አዳማ ላይ የዕርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጋሼ ስለ ካንሳስ ማሽላ ሲያነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምናወርደው ማሽላና ስንዴ የእነዚያ ገበሬዎች ነበር። አይዘንሃወር በ1954 ከፈረሙት ሕግ ጀምሮ የአሜሪካ ትርፍ እህል በዚህ መንገድ ነው ወደ እኛ የሚመጣው፤ ፋርም ቢሉም በየጊዜው ያድሰዋል።

በ2023 ዕርዳታው ወደማይገባው ቦታ ሄደ ተብሎ በመላ አገሪቱ ሲቆም መጋዘኑ ውስጥ እህል እያለ ቁልፍ ይዘን ቆመናል። በ2025 ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈረሰ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እዚያ ያለው ገበሬ ይህ ሲሆን አይናገርም? ወይስ ለእሱ ትንሽ ነገር ነው?

ዓለማያ_77

ወንድሜ መጋዘን፣ ተናግሯል። ካንሳስ በማሽላ ምርት ከአሜሪካ አንደኛ ናት፤ ማሽላ ደግሞ እንደ በቆሎ ብዙ ገዥ የለውም። የሚገዛው ቻይና ነው፣ የኤታኖል ፋብሪካ ነው፣ የዕርዳታ ፕሮግራሙ ነው። በ2025 መጀመሪያ የዕርዳታው ግዢ ሲቆምና ከቻይና ጋር ያለው ንግድ ሲበላሽ ማሽላ የያዘ ሰው በሁለት በኩል ተመታ። የካንሳስ ሪፐብሊካን ተወካዮች ራሳቸው ፕሮግራሙ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይዛወር ብለው ሕግ አቅርበዋል። ገንዘቡ ድሮም ቢሆን የሚመደበው በግብርና በጀት ውስጥ ነበር፤ ሥራውን ይሠራ የነበረው ነው ዩኤስኤአይዲ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ያ ዕርዳታ ለገበሬው ገበያ፣ ለመርከበኛው ሥራ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ ከእህሉ ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ መጫን አለበት፣ ያም ውድ ነው። በዚያው ገንዘብ ከአርሲ ወይም ከሁመራ ገዝቶ ለተራበው ማድረስ ብዙ ጊዜ ይሻል ነበር። ሆኖም የተሻለ ነገር ሳይተኩ ያለውን በአንድ ቀን መቁረጥ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። እኔ ዓለማያ በገባሁበት ዓመት ወሎ ምን እንደነበረ አውቃለሁ።

ከዚያ ጋር የተቆረጠ፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር የምርምሩ ነው። ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማሽላና ስንዴ በመሳሰሉት ላይ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ይሠራ የነበረው ላቦራቶሪ በ2025 ገንዘቡ ተቋርጧል። ዓለማያን ያቋቋሙት የኦክላሆማ ስቴት ሰዎች ናቸው፤ ከዚያው ዓለማያ የወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ደግሞ ፐርዱ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ ያዳነው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። አሜሪካም ተጠቅማለች ማለቴ ነው።

እህቴ ያነሱት የከተማና የገጠር ድርድር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰው ብዙ የሚኖርባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ ኮንግረስ ውስጥ ተወካዮች አሏቸው። እኛ ግን ስለ ፉድ ስታምፕ እንጂ ስለ ሰብል ዝርዝሩ ጠይቀናቸው አናውቅም። ጤፍ የሚበላ መራጭ ከተማ ነው ያለው፤ ጤፍ የሚያበቅለው መሬት ገጠር ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያነጋግር ማኅበረሰብ እኛ ነን። የጤፍ አምራቾችና ባለሱቆች በአንድ ደብዳቤ ቢጽፉ የሚሰማ አለ ብዬ አምናለሁ። የቀረው ፋርም ቢል ገና አልወጣም፤ ጊዜው አሁን ነው።

ጀማሪ_ከአውሮራ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሁለቱም ጓደኞቼ አንብቤላቸዋለሁ። ዛሬ ባለመሬቱን ደውዬ ስለ ቤዝ ኤከሩ ስጠይቀው ድምፁ ተለወጠ፤ «ማን ነገረህ?» አለኝ። ቤዝ እንዳለው አመነ። ከዚያ ክፍያው ለእሱ እንዲሆን፣ ለዚያ ብሎም ኪራዩን በኤከር ትንሽ እንደሚቀንስልን ሐሳብ አቀረበ። እንቀበል? ሌላው፣ ሰሜን በኩል 40 ኤከር የሚሆን ሣር የለበሰ ክፍል አለ፤ እሱንም ማረስ ትችላላችሁ ብሎናል።

ዓለማያ_77

የሣሩን ነገር መጀመሪያ ልያዝ፣ እሱ የበለጠ ያስፈራኛልና። ያ ክፍል ሲ አር ፒ የሚባለው የመሬት ጥበቃ ውል ውስጥ ሊሆን ይችላል። መንግሥት መሬቱ እንዳይታረስ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ኪራይ እየከፈለ ሣር የሚያለብሰው ፕሮግራም ነው። ውሉ ሳያልቅ የታረሰ እንደሆነ የተከፈለው ሁሉ ከነወለዱ ይመለሳል። ውሉ አልቆ ቢሆንም፣ መሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸር ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ያለ ጥበቃ ዕቅድ ካረሳችሁት ከፌደራል የእርሻ ፕሮግራሞች ትወጣላችሁ፤ ናፑም ብድሩም ይቀራል። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩን አልሞ ማለስለስ ይፈልጋል፤ በዚህ አገር ነፋስ የለሰለሰ አፈር ምን እንደሚሆን በ1930ዎቹ የአቧራ ማዕበል ዘመን ታይቷል። ወረቀቱን ሳታይ ያንን ሣር እንዳትነካው።

ክፍያውን ለእሱ መተው በቃል የሚሆን ነገር አይደለም። በካሽ ውል መሬቱን የሚያርሰው ሰው ክፍያውን ይወስዳል የሚለው የመንግሥት ደንብ ነው፤ ከጀርባ «መልስልኝ» የሚል ስምምነት ሁለታችሁንም ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። እሱ የድጎማው ተካፋይ መሆን ከፈለገ ሕጋዊው መንገድ የምርት ድርሻ ውል ነው፤ ያኔ ኪሳራውንም ይካፈላል። ለጀማሪ እንዲያውም ያ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ጤፉ በነፋስ ቢተኛባችሁ ወይም በረዶ ቢመታው ሙሉውን ኪራይ ዕዳ አትገቡም። ካሽ ካለ ግን ኪራዩን ያለ ድጎማው አስቡት፦ «ከዋሽንግተን ምንም ባይመጣ ይህን ኪራይ ከጤፉ ብቻ እከፍላለሁ ወይ?» ካልሆነ አትፈርሙ።

በ2026 ኦክቶበር የሚወጣው ክፍያ ለ2025 ምርት ስለሆነ ከእናንተ ጋር አይገናኝም፤ የ2025ቱ አራሽ ነው የሚወስደው። በ2026 የምታርሱት ካለ ክፍያው የሚወጣው በ2027 ኦክቶበር ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ውል አትቀበሉ፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት በሉት፣ ኪራዩም በመሐል እንዳይነካ ይጻፍ። ጤፍ የመጀመሪያው ዓመት አረም ነው፤ ለእሱ የተፈቀደ የአረም መድኃኒት እንደ ስንዴ እንደልብ የለም። መሬቱን አጽድታችሁ ለሌላ ሰው እንዳታስረክቡ።

ኤፍ ኤስ ኤ የምትሄደው መሬቱ ያለበት ካውንቲ ነው፣ አውሮራ አይደለም። የመሬቱን የእርሻ ቁጥር ከባለመሬቱ ተቀበል፤ መዝገቡ የእሱ ስለሆነ አብሮህ ቢመጣ ወይም ፈቃድ በጽሑፍ ቢሰጥህ ጥሩ ነው። በዚያ ቁጥር ስንት ቤዝ እንዳለው፣ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ፣ ሣሩ ውል ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ መሬቱ የሚሸረሸር ተብሎ መመዝገቡን ያነቡልሃል። የጤፍ ናፕ ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀንም በዚያው ጠይቅ። ከዘራህ በኋላ ደግሞ የዘራኸውን ኤከር እስከ ጁላይ 15 ማስመዝገብ አለብህ፤ ካላስመዘገብክ በረዶ ቢመታህ እኔን የመሰለ ገማች ቢመጣም የሚጽፍልህ ነገር የለውም።